የአማት ጀርባን ስለ መሻገር

ላምቸሪ መንደር፣ ስቫኔቲ
ዲሴምበር 1

ለወንድሜ ልጅ ለኢርማ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ይድረስሽ። የአያቶችሽ አጥንት፣ የግንባችን ድንጋይና ከመንደሩ በላይ ያለው ቅዱስ ጊዮርጊስ በያለሽበት ይጠብቁሽ። እኛ ደህና ነን። ላሟ ደህና ናት። አክስትሽ ዳሪኮም ደህና ናት፣ በተለይ ምላሷ። የስልኩን ማማ በረዶ ስለጣለው እስከ ፋሲካ የሚጠግነው የለም፤ ስለዚህ እንደ ድሮው በሚኒባስ ሹፌር እጅ እንጻጻፋለን።

መነጽሬን ስላጣሁት ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አስነበብኩት። መጀመሪያ ዳሪኮ አሳስታ ያነበበች መስሎኝ ነበር። ኦስትሪያ ድረስ ሄደሽ የምትማሪው ስለ በረዶ ነው? ያውም አንደኛውን ደረጃ ጨርሰሽ ከፍተኛውን? ልጄ፣ አንቺ ስትወለጂ እኮ በረዶ በሩን ዘግቶት አዋላጇ የገባችው በመስኮት ነው። ዓሣን ዋና ሊያስተምሩ ገንዳ ሲያስገቡት ሰምቼ አላውቅም።

ለመንደሩ እንዲህ ብዬ ልናገር አልቻልኩም። ጎረቤታችን ቺቺኮ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ልጅቷ ምን እያጠናች ነው?» ሲለኝ «የጥርስ ሕክምና» አልኩት። አሁን የታመመ መንጋጋውን በሻርፕ አስሮ አንቺን ይጠብቃል። ሐኪም ቤት ሂድ ብለው «የራሳችን ልጅ እያለችልኝ?» ይለኛል።

ዋናው ነገር ይኸውልሽ። ፌብሩዋሪ 14 የሚከበረው የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ዘንድሮ ተራው የቤታችን ነው። በሰባት ዓመት አንዴ የሚደርሰን ነው፤ ታውቂዋለሽ። ኅብስቱን፣ አረቄውንና የስለቱን በግ ይዘን የአማት ጀርባ የተባለውን ተዳፋት እንሻገርና ላይኛዋ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ እንደግሳለን። ቤታችን ሊያርፉ የሚመጡ ሦስት ፖላንዶችም በበረዶ መንሸራተቻቸው ሊከተሉን ጓጉተዋል። አባቴ ከፊት ይሄድ እንደነበረው ከፊት የምሄደው እኔ ነኝ። ከቻልሽ ነይ። ባትመጪም ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ቴርሞስ ላኪልኝ።

አጎትሽ ሙርዛቃን


ኢንስብሩክ
ዲሴምበር 14

ለማከብርዎ አጎቴ ለሙርዛቃን፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እትዬ ዳሪኮስ? ላሟስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ ፈጣሪ ይመስገን።

አጎቴ፣ ትምህርቱ እርስዎ እንደሚያስቡት አይደለም። አስተማሪያችን ቫልትራውድ ትባላለች። ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ እስከ ትከሻዬ ነው፤ ስትናደድ አትጮህም፣ ታፏጫለች። በየቀኑ ጉድጓድ እንቆፍራለን። ከበረዶው ዓምድ እንቆርጥና አካፋውን አናቱ ላይ አስቀምጠን በእጃችን እንመታዋለን፤ አሥር ጊዜ በእጅ አንጓ፣ አሥር ጊዜ ከክርን፣ አሥር ጊዜ ከትከሻ። በስንተኛው ምት እንደሚሰበርና የቱ ላይ እንደሚሰበር እንጽፋለን። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቫልትራውድ ከበረዶ ሥር ምልክት የሚልክ ጯሂ ሳጥን የያዘ ከረጢት ትቀብርና ፈልጉ ትለናለች። የበረዶ ናዳ የዋጠው ሰው ከሩብ ሰዓት በኋላ የመትረፍ ዕድሉ እጅግ ይቀንሳልና ጨዋታ አይደለም።

ከቴርሞሱ ጋር ሦስት ጯሂ ሳጥኖች፣ አንድ አካፋና አንድ ተጣጣፊ የመፈለጊያ ዘንግ ልኬያለሁ። ሳጥኑን ሲሄዱ «ላክ» ላይ ያድርጉት፤ ሰው ሲጠፋ የተረፉት «ፈልግ» ላይ ያደርጉታል፣ ወደ ተቀበረው ሲቀርቡ አብዝቶ ይጮሃል። እባክዎ ጉድጓድ ቆፍረው ከሥር ያለው በረዶ ምን እንደሚመስል ይጻፉልኝ።

ቫልትራውድ ከሁሉ አጥብቃ የምታስተምረን አንድ ሕግ አለ። ከቡድኑ ማንም ይሁን ማን፣ አንድ ሰው «አይሆንም» ካለ ሁሉም ይመለሳል። ምክንያት አይጠየቅም።

አባቴ በአማት ጀርባ ላይ ከቀረ ሃያ አንድ ዓመቱ ነው። በቤታችን ስለዚያ ቀን አይወራም፤ እኔም አላነሳም። ብቻ እኔ ደርሼ ሳላየው ዘንድሮ አይሻገሩት። ከበዓሉ በፊት ለመምጣት እሞክራለሁ።

አክባሪዎ ኢርማ


ላምቸሪ
ጃንዋሪ 9

ለኢርማ፤

የልደቱ ጌታ በረከቱን ያብዛልሽ፤ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ለአስተማሪሽም ቁመት ይጨምርላት። ገናን በሰላም አሳልፈናል። ለመልሱ የዘገየሁት በምክንያት ነው፤ ሥልጠና ላይ ነበርን።

ጥቅልሽ ደርሷል። ቴርሞሱ ግሩም ነው። ዘንጉን ዳሪኮ ወርሳዋለች፤ የድርቆሹን ክምር እየወጋች ዶሮዎቹ የት እንደጣሉ ትፈልግበታለች። እስካሁን አንድ እንቁላል አልሰበረችም።

ከሦስቱ ሳጥኖች አንዱ እኔ አንገት ላይ ነው። ሁለተኛውን የስለቱ በግ አንገት ላይ አሰርኩት። አትሳቂ። ቺቺኮ ቢጠፋ የሚያለቅስለት ሚስት አለው፤ ለጊዮርጊስ የተሳለ በግ ቢጠፋ ግን ምን ብዬ ነው የምናገረው? በሦስተኛው ሳጥን ልክ እንደ አስተማሪሽ አደረግኩ። ከአንድ ጠርሙስ አረቄ ጋር አስሬ በረዶ ውስጥ ቀበርኩትና ወንዶቹን «ፈልጉ!» አልኳቸው። መጀመሪያ ቀን ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። አሁን ካልሲውን እንኳ ሚስቱ የምትፈልግለት ቺቺኮ ጠርሙሱን በሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ያወጣል። መንደሩ እንዲህ ትምህርት ወዶ አያውቅም። ላይኛው ሠፈርም ሰልጥኑልን ብሎ ሰው ልኳል። ችግሩ ባትሪው አለቀ። ሃያ አራት ባትሪ ላኪ።

ጉድጓዱንም ቆፍሬያለሁ። ከላይ ያለው በነፋስ የተደለደለ፣ እንደ ገበታ የጠነከረ ነው፤ ከሥር ያለው ደግሞ እንዴት ያምራል መሰለሽ! ደረቅ ነው፣ ፍሬ ፍሬ ነው፣ እንደ ሻካራ ጨው በጣት መሃል ይፈሳል። ዳሪኮ እንኳ አይታ «የጨው ማሰሮ ውስጥ ቢጨመር ማን ይለየዋል?» አለች። ደስ ይበልሽ።

ያ አይሆንም የሚለው ሕግሽ ግን ለኛ አይሆንም። የማዕድ አለቃ ሆኜ ብርጭቆ ሳነሳ ቺቺኮ ማሳል እንኳ አይፈቀድለትም። ከፊት የሚሄደው ታላቅ ነው፤ ሌላው ዱካውን ይከተላል። ቺቺኮ አይሆንም ማለት ቢችል ኖሮ እስከ ዛሬ ከቤት አንወጣም ነበር።

አጎትሽ


ኢንስብሩክ
ጃንዋሪ 18

አጎቴ፤

ሰላምታዬን ለሁላችሁም፤ ዛሬ በአጭሩ ይቀበሉኝ።

ያ ያምራል ያሉት በረዶ የመጨረሻው ክፉ በረዶ ነው። ከሥር ፍሬ ፍሬ፣ ከላይ ገበታ። ገበታው የተኛው በፈሰሰ ስንዴ ላይ ነው ማለት እኮ ነው። ደብዳቤዎን ለቫልትራውድ ተርጉሜ ሳነብላት ስለ በጉና ስለ አረቄው እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ጨው የሚለው ላይ ስደርስ ማፏጨት ጀመረች።

በበጉ ጉዳይም ልለምንዎ። ናዳ ቢመጣ ሳጥኑ በግ ይሁን ሰው አይለይም። እርስዎ እታች ተቀብረው ሰዎቹ መጀመሪያ በጉን ቆፍረው ያወጡታል።

አሁን የማፍርበትን ልንገርዎ። ባለፈው ሳምንት ፈተና ነበረን። ቫልትራውድ ከፊት ሆና ስምንታችንን አንድ ተዳፋት ሥር ወሰደችን። በረዶው ከእግራችን ሥር ቁጭ ሲል ሰማሁ፤ «ውምፍ» የሚል ድምፅ ነው፣ ሆድ ውስጥ ይሰማል። የስንጥቅ መስመርም አየሁ። ነገር ግን እሷ ታላቅ ናት፣ እሷ ከፊት ናት፣ እኔ የስቫን ልጅ ነኝ። ዝም አልኩ። ሁላችንም ተከተልናት። ጥቂት ሄደች፣ ዞረችና «ሁላችሁም ሞታችኋል፤ ምሳ እንብላ» አለች። ሆን ብላ ነበር። አንድ ሰው አይሆንም እስኪላት ትጠብቅ ነበር። ሁላችንም ወደቅን። ድጋሚው ፈተና ፌብሩዋሪ 20 ስለሆነ ለበዓሉ መምጣት አልችልም።

ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። አጎቴ፣ አባቴ የቀረ ዕለት ድምፅ የሰማ ሰው ነበር? አይሆንም ያለ ሰውስ ነበር? ጠይቄዎ አላውቅም። አሁን ጠየቅኩ።

ኢርማ


ላምቸሪ
ጃንዋሪ 27

ለተወደድሽው ለወንድሜ ልጅ ለኢርማ፤

በሰማይና በምድር ያሉ ቅዱሳን ሁሉ በዙሪያሽ ይቁሙ። የምትረግጪው መሬት ይጽናልሽ፤ የምትበዪው እንጀራ ይጣፍጥሽ፤ ደጅሽ ከእንግዳ፣ ማዕድሽ ከበረከት አይጉደል። ለአባቶቻችን ነፍስ ዕረፍትን፣ ለልጆቻችን ዕድሜን ይስጥ። ለጎረቤቶችሽም፣ ለአስተማሪሽም፣ ለአስተማሪሽ እናትም በሕይወት ካሉ ጤና ይስጥልን።

ላሟ ትንሽ አስሏት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል። አይቡ ዘንድሮ ጨው በዛበት፤ ዳሪኮ እኔ ነኝ አትልም። የቺቺኮ መንጋጋ አብጦ ፊቱ አንድ ወገን ብቻ የሰባ መስሏል። ባትሪውን ተዪው። በሱ ፈንታ ለጥርስ ሕመም የሚሆን የቅርንፉድ ዘይት ላኪ። ፖላንዶቹ መጥተዋል፤ ደህና ልጆች ናቸው፣ ኩብዳሪ ዳቦ ሲበሉ ሥጋው በአገጫቸው ይወርዳል። ትናንት በረዶ ጣለ። ዛሬም ጣለ።

አንድ ነገር ጠይቀሽኝ ነበር። ወረቀቱ ስላለቀብኝ እዚህ ላይ አበቃለሁ።

አጎትሽ ሙርዛቃን


ኢንስብሩክ
ፌብሩዋሪ 4

ለእትዬ ዳሪኮ፣ በእጅሽ ብቻ የሚደርስ፤

እትዬ፣ አጎቴ ወረቀቱ አለቀብኝ ብሎ የላከልኝ ደብዳቤ ግማሹ ባዶ ነው። ያን ባዶ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልነግርሽም።

እሱን ከዚህ ሆኜ ላስቆመው አልችልም። እኔ «አይሆንም» ብለው ለሱ ገና ሕፃን ነኝ፤ ቺቺኮ ቢለው ይሳቅበታል፤ ፖላንዶቹ ቢሉት እንግዳ ናቸው ብሎ ያበላቸዋል። የቀረሽኝ አንቺ ነሽ። ተዳፋቱ ሥር ስትደርሱ በረዶው «ውምፍ» ካለ፣ ወይም መስመር ሰርቶ ከተሰነጠቀ፣ አንድ እርምጃ እንዳትጨምሩ። እንዴት እንደምታስቆሚው አላውቅም። አንቺ ሃያ አንድ ዓመት ከሱ ጋር ኖረሻል፤ የማላውቀው ዘዴ ይኖርሻል።

ይህን ደብዳቤ አጎቴ እንዳያየው።

ልጅሽ ኢርማ


ላምቸሪ
ፌብሩዋሪ 19

ለኢርማ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ለዳሪኮ የላክሽውን ደብዳቤ ዱቄት ዕቃው ውስጥ አገኘሁት። ዱቄት ዕቃው ውስጥ ምን ትፈልግ ነበር እንዳትዪኝ፤ አረቄዬን ነው።

በመጀመሪያ ተቆጥቻለሁ። አሁን የሆነውን ልንገርሽ።

በበዓሉ ጠዋት ወጣን። እኔ ከፊት፣ ቺቺኮ አረቄውን ተሸክሞ ከኋላዬ፣ በጉ ሳጥኑን እያወዛወዘ ከሱ ኋላ፣ ቀጥሎ ሦስቱ ፖላንዶች፣ መጨረሻ ላይ ዳሪኮ ኅብስቱን ይዛ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። የአማት ጀርባ ሥር ደረስንና አንድ እግሬን ሳስቀድም በረዶው ያልሽውን ድምፅ አሰማ። ሁሉም ሰማ። በጉም ሰማ፤ ቆመ። እኔ ምንም እንዳልሰማ ሰው ጉሮሮዬን ጠረግሁና «ና፣ ቺቺኮ» አልኩ።

ያኔ አክስትሽ ኅብስቱን ለአንዱ ፖላንድ አስታቀፈችና ሁሉንም አልፋ መጣች። በበዓል ቀን ሴት ከወንዶች ቀድማ ስትሄድ በዕድሜዬ አላየሁም። ሻሿን ከራሷ ፈታችና ከእግሬ ፊት በረዶው ላይ ጣለችው።

የኛን ሕግ ታውቂያለሽ። ሁለት ወንዶች ጩቤ ተማዘው እንኳ ቢሆን፣ ሴት መሃላቸው ሻሽ ከጣለች ጩቤው ወደ አፎቱ ይመለሳል። ያን ሻሽ የተሻገረ ወንድ ስሙ ከነዘሩ ይጠፋል።

«አንሺው» አልኳት።

«አላነሳም።»

«ሰው እያየን ነው።»

«ይይ። ለዚሁ ነው የጣልኩት።»

«ሻሽ የሚጣለው ጠብ ሲኖር ነው። የታለ ጠቡ?»

«አንተና ተራራው ከተጣላችሁ ሃያ አንድ ዓመታችሁ» አለችኝ። «እኔ ደክሞኛል፣ ሙርዛቃን። በሰባት ዓመት አንዴ እዚህ ቆሜ ትመለስ ይሆን እያልኩ ደክሞኛል።»

ዞር ብዬ ቺቺኮን አየሁት። «እኔን ጥርሴን አሞኛል» አለና በረዶው ላይ ቁጭ አለ። ፖላንዶቹ ይህ የበዓሉ ሥርዓት ነው ወይ ብለው ጠየቁት፤ ቺቺኮም «አዎ፣ በየሰባት ዓመቱ» አላቸው። አጨበጨቡ።

ቆምን። እኔ አላልፍም፣ እሷ አታነሳም። ሻሹን የሚያነሳ ወንድ ጠቡን ትቻለሁ ማለቱ ነው። ስንት ሰዓት እንደቆምን አላውቅም፤ ብቻ ጆሮዎቿ ቀሉ፣ ቀጥሎ ነጡ። ፀጉሯ ሸብቷል፣ ኢርማ። በብርሃን ራሷን ተገልጣ ካየኋት ብዙ ጊዜዬ ነው፤ መቼ እንደሸበተች አላውቅም። ጎንበስ ብዬ ሻሹን አነሳሁ፣ በረዶውን አራገፍኩና ራሷ ላይ አሰርኩላት። እንደ ጆንያ አፍ ነው ያሰርኩት። አንገቷን ዝቅ አድርጋ አስጨረሰችኝ።

ድግሱን ራቅ ብለን ሜዳው ላይ አደረግነው። ብርጭቆውን ማዶ ወዳለችው ቤተ ክርስቲያን አነሳን። በጉ ደጇ ስላልደረሰ ማንም ሊነካው አልቻለም፤ ሳጥኑን አንገቱ ላይ እንዳደረገ አጥር ለአጥር ይዞራል።

እኔ ቀኑን ሙሉ ተዳፋቱን ሳይ ዋልኩ። ይወርድ እንደሆነ፤ ወርዶም ከሐሜት ያድነኝ እንደሆነ። አልወረደም። በማግስቱም አልወረደም። ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው፤ እንደተንጣለለ አለ። ቺቺኮ «ሙርዛቃንን ሻሽ መለሰው» እያለ በየቤቱ ይስቃል።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ። ወረቀት አላለቀብኝም ነበር።

ያን ቀንም ያ ድምፅ ነበር። አባቴ ከፊት፣ አባትሽ መሃል፣ እኔ ከኋላ። አባቴ ጆሮው ደክሞ ነበር፤ አልሰማም። አባትሽ ይዘፍን ነበር፤ ምናልባት አልሰማም። እኔ ሰማሁ። አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ከፊት ያለው አባቴ ነው አልኩና ዘጋሁት። አባቴ አልፎ ነበር፣ እኔ ገና አልገባሁም ነበር። ናዳው መሃል የነበረውን ብቻ ወሰደው። አባቴ እስኪሞት ድረስ «አንዳች ነገር ሰምተህ ነበር?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር። «ምንም» እለው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ የተሻገርኩት ጀግና ሆኜ እንዳይመስልሽ። መመለስ እንደሚቻል ካሳየሁ፣ ያን ቀንም መመለስ ይቻል ነበር ማለት ይሆንብኛል። ይኸው ነው። ዳሪኮ ያኔ ገና የሁለት ወር ሙሽራ ነበረች፤ ቤት ቀርታ ነበር። ሻሽ የሚጥል አልነበረም። እኔ ግን አፍ ነበረኝ።

ከፈለግሽ ከዛሬ ጀምሮ አጎቴ አትበዪኝ። የምለምንሽ ነገር የለም። የቅርንፉድ ዘይቱ ደርሷል።

ሙርዛቃን


ኢንስብሩክ
ፌብሩዋሪ 28

ለማከብርዎ፣ ለምወድዎ አጎቴ ለሙርዛቃን፤

ጤናዎን ያብዛልኝ፤ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ አጎቴ የምልበትን አፌንም አይያዝብኝ።

ደብዳቤዎን አንብቤ ሁለት ቀን አለቀስኩ፤ አልደብቅዎትም። አንድ ቀን በእርስዎ ተናድጄ ነው። ሁለተኛውን ቀን ግን ያለቀስኩት፣ አባትዎ ፊት አፍዎን ከፍተው መልሰው ለዘጉት ለእርስዎ ነው። እኔም ዘግቼዋለሁ እኮ። የኔን ጥፋት አስተማሪዬ «ምሳ እንብላ» ብላ ጨረሰችው፤ የእርስዎ ሃያ አንድ ዓመት ፈጀ። አልፈርድብዎትም። ይቅር ብያለሁ።

የፈተናውን ወሬ ይስሙ። ደብዳቤዎ ገና አልደረሰኝም ነበር። ቫልትራውድ ከፊት ሆና ሌላ ተዳፋት ሥር ወሰደችን። በረዶው ከእግራችን ሥር ውምፍ አለ። ጓደኞቼ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እኔን አይሆንም የሚለው ቃል በየትኛውም ቋንቋ አልወጣ አለኝ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ሻርፔን ከአንገቴ ፈትቼ ሮጥኩና እግሯ ፊት ጣልኩት። ሻርፑን አየች፣ እኔን አየች።

«ይህ ምንድን ነው?»

«በኛ አገር ከዚህ ወዲያ አይታለፍም ማለት ነው።»

ጎንበስ ብላ አነሳችልኝና ሳታፏጭ «አልፈሻል» አለች። የእርስዎ ደብዳቤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሲደርሰኝ የእትዬን ሻሽ አንብቤ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ።

ኤፕሪል ላይ እመጣለሁ። የሚቀጥለው በረዶ ሳይጥል ለመንደሩ ሰው ሁሉ አስተምራለሁ። ከላይ ሠፈር የሚመጣ ካለም ይምጣ፤ አረቄ ግን አይቀበርም። እርስዎ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ለእትዬ አዲስ ሻሽ ገዝቻለሁ፤ አሮጌውን ከአካፋው ጋር ያስቀምጡት። ለቺቺኮም የጥርስ ሐኪም አለመሆኔን እባክዎ ቀስ ብለው ይንገሩት።

ልጅዎ ኢርማ


ላምቸሪ
ማርች 10

ለልጄ ለኢርማ፤

እግዚአብሔር ይስጥሽ። ሌላ ምርቃት ዛሬ አልመጣልኝም።

ፊት ወንበር እቀመጣለሁ። ስሳሳት ግን ሰው ፊት እንዳታርሚኝ፤ ከጋጣው ኋላ ጠርተሽ አርሚኝ። ሻሹን አካፋው እጀታ ላይ አስሬዋለሁ። ዳሪኮ «ለዚህማ ቋጠሮው ጎበዝ ነህ» አለችኝ።

ለቺቺኮ ነገርኩት። «ታዲያ ምንድን ነው የተማረችው?» አለኝ። «በረዶ» አልኩት። ብዙ አሰበና «እሱንስ ከመጀመሪያው ለምን አልነገርከኝም? ጥርሴን አስነቅል ነበር» አለኝ። እስከ ዛሬም አላስነቀለም።

የአማት ጀርባ እስካሁን አልወረደም። ፀሐይ እየበላው ነው፤ ሳይወርድም ሊያልቅ ይችላል። ቺቺኮም በየቀኑ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይስቅብኛል። እኔም ወንበሬን አውጥቼ እቀመጥና አየዋለሁ። መንጋጋውን በእጁ ደግፎ፣ እያመመው፣ ይስቃል። አረቄውን ተሸክሞ ከኋላዬ፣ አባትሽ በነበረበት ቦታ፣ የነበረው እሱ ነበር እኮ። ይሳቅ።

አጎትሽ ሙርዛቃን